ሰው ሲለቅ እውቀቱም አብሮ እንዳይወጣ፦ መሥሪያ ቤት ውስጥ እውቀት እንዴት ይያዛል

የምሠራው ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የምግብ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቆይ። አምና ሰኔ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የማሸጊያ ማሽን መካኒክ 60 ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ። ክሊራንስ እንዴት እንደሚዞር ታውቁታላችሁ መቼም፣ ስቶር ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ ክሊኒክ ሳይቀር ይፈርማል። ጋሼም ቱታቸውን መለሱ፣ የሎከር ቁልፍ መለሱ፣ አንድ ፒንሳ ጎድሎ ተገኘና ዋጋው ከመጨረሻ ደሞዛቸው ላይ ተቆረጠ። ከዛ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሳን፣ በሰርቪስ እስከ ቤታቸው ሸኘናቸው።

ሐምሌ ላይ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ፓኬቱን በደንብ አልዘጋ አለ። ይዘጋል ግን ጫን ስትለው ይከፈታል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ሙቀት ጨመርን ፕላስቲኩ ተቃጠለ፣ ሙቀት ቀነስን ጭራሽ ባሰበት፣ ሄተር ቀየርን፣ ሴንሰር ቀየርን፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጠዋቱን ምርት ስንደፋ ከረምን። በአራተኛው ቀን አንዱ ልጅ ጋሼ ጋ ደወለ። ጋሼ ስለ ሄተሩ ምንም አልጠየቁም፣ «ሮሉን ማታ የት አሳደራችሁት?» ነው ያሉት። ለካ እሳቸው በክረምት ማታ ከመውጣታቸው በፊት ለነገ የሚሆነውን የፕላስቲክ ሮል ከመጋዘን አስወጥተው ማሽኑ አጠገብ ያሳድሩት ነበር፣ መጋዘኑ ይቀዘቅዛል እርጥበትም አለው። ማኑዋሉ ላይ ይሄ የለም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ፒንሳዋን ጠይቀናቸዋል፣ ይቺን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

እንግዲህ በየስልጠናው ኖውሌጅ ማኔጅመንት ወይ የእውቀት አስተዳደር እየተባለ በስላይድ የሚነገረው ነገር ሲጨመቅ ይሄው ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ነገር አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ፣ ለሚፈልገው ሰው ደግሞ በሚፈልግበት ሰዓት እንዲደርሰው ማድረግ። ከዛ ሐምሌ ወዲህ እኛ ክፍል ውስጥ ሞክረነዋል፣ ግማሹ ሠርቷል ግማሹ ከሽፏል፣ እንደወረደ ልንገራችሁ። ፋብሪካ ባትሆኑም ችግር የለውም፣ ክሊኒክም ትምህርት ቤትም ማህበርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሶፍትዌር አትግዙ

የኛ የመጀመሪያ ስህተት እሱ ነበር። አይቲ ክፍል አንድ ሲስተም አስገባ፣ ፎልደር በፎልደር ላይ ተደረደረ፣ ሁላችንም ፓስወርድ ተሰጠን፣ ከሁለት ወር በኋላ ውስጡ የነበረው የሠራተኞች የበዓል ፎቶና ማንም ያልከፈተው የ80 ገጽ ፕሮሲጀር ነው። መደርደሪያ ስለተሠራ መጽሐፍ አይመጣም። መጀመሪያ ሰው ጋ ነው የሚኬደው፣ መደርደሪያው መጨረሻ ላይ ይታሰብበታል።

ሦስት ነገር ደግሞ አትደባልቁ። ስክሪኑ ላይ 165 ዲግሪ የሚል ቁጥር ዳታ ነው። ማኑዋሉ ላይ «ይሄ ፕላስቲክ ከ160 እስከ 170 ይዘጋል» የሚለው መረጃ ነው። «165 ቢልም ክረምት ጠዋት ላይ አትመኑት፣ ሮሉን አሳድሩት» የሚለው እውቀት ነው። አብዛኛው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞልተውታል፣ ሦስተኛው ነው በሰርቪስ ተሳፍሮ የሚወጣው።

ደረጃ 1፦ «ማን ቢቀር እንቆማለን?» የሚለውን ሠንጠረዥ ሥሩ

አንድ ወረቀት ይበቃል። በግራ በኩል ሥራዎቹን ዘርዝሩ፣ የክፍል ስም ሳይሆን ሥራውን ራሱን፣ «ቦይለር ማስነሳት»፣ «የወሩን ግብር ማስገባት»፣ «ከውጭ የመጣ እቃ ከጉምሩክ ማስወጣት» እያላችሁ። ቀጥሎ ማን በደንብ እንደሚያውቀው፣ ቀጥሎ እሱ ባይኖር ሌላ ማን እንደሚሠራው፣ ከዛ ሥራው ቢቆም ስንት ቀን መታገሥ እንደምንችል፣ መጨረሻ ላይ ሰውዬው በቅርቡ ሊሄድ የሚችልበት ምክንያት ካለ (ጡረታ፣ ወሊድ፣ ውጭ የመሄድ ፕሮሰስ፣ ሌላ ቦታ ማመልከት፣ ይሄንን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ከአለቃው በቀር)። «ሌላ ማን» የሚለው ሳጥን ባዶ ከሆነና የመታገሻው ቀን ከሦስት ካነሰ እሱን መስመር በቀይ አስምሩበት። ከዛ ነው የሚጀመረው።

ሠንጠረዡን ከማኔጀሮች ጋር ብቻ አትሥሩት። እኛ መጀመሪያ ከኃላፊዎች ጋር ሠርተነው ቀዩ በሙሉ ኢንጂነሮች ላይ ወደቀ። በኋላ ከፎርማኖችና ከፈረቃ ልጆች ጋር ደግመን ስንሠራው ሌላ ነገር ወጣ። የግዢ ክፍሏ እህታችን ከትራንዚተሩ ጋር የትኛው ዶክመንት መቼ መድረስ እንዳለበት ብቻዋን ነው የምታውቀው፣ እሷ የታመመች ቀን ኮንቴይነሩ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። ይባስ ብሎ ደግሞ የግቢው ዋና የውሃ መዝጊያ የት እንደተቀበረ የሚያውቁት አንድ የጥበቃ አባት ብቻ ሆነው ተገኙ፣ ግንባታው ጊዜ እዛው ነበሩ። እኚህ ሰውዬ በየትኛውም ስትራቴጂክ ፕላን ላይ የሉም፣ ቧንቧ የፈነዳ ሌሊት ግን ከሥራ አስኪያጁ በላይ ያስፈልጋሉ።

ደረጃ 2፦ «እንጀራዬን ልትወስዱብኝ ነው» የሚለውን ፍራቻ አክብሩ

እዚህ ጋ ብዙ መሥሪያ ቤት ይወድቃል፣ ረዘም አድርጌ ልናገር።

«ሙያ በልብ ነው» ብለን ነው ያደግነው። አንድ መካኒክ ለዓመታት ተጨማልቆ የለመደውን ነገር ትላንት የመጣ ልጅ በወረቀት ካገኘው በኋላ ለምን እኔን ያቆዩኛል ብሎ ቢያስብ ሞኝ አይደለም፣ እንደዛ የተደረጉ ሰዎች አይቷል። «እውቀት ማካፈል ባህላችን ይሁን» የሚል ባነር ብትሰቅሉ ባነሩን አይቶ ያልፋል፣ ልክ ነው።

ዜሮክስ ኩባንያ ውስጥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆነ ነገር እዚህ ጋ ይጠቅመናል። ኮፒ ማሽን የሚጠግኑት ቴክኒሻኖች እውነተኛውን ብልሃት ማኑዋል ላይ ሳይሆን አብረው ሲበሉና ቡና ሲጠጡ በሚያወሩት ወሬ ነበር የሚማማሩት፣ ይሄንን ያስተዋለው ከነሱ ጋር አብሮ እየዞረ ያጠናቸው ጁሊያን ኦር የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው። ኋላ ላይ ኩባንያው ዩሬካ የሚባል የብልሃት መሰብሰቢያ አቋቋመ፣ ቴክኒሻኑ ያገኘውን መፍትሔ ያስገባል፣ ሌሎች ቴክኒሻኖች ይፈትሹታል፣ ካለፈ በኋላ የላከው ሰው ስም አብሮ ይወጣል። ዋናው ማሰሪያ ገንዘብ አልነበረም፣ ስም ነው። ባልደረባው ፊት «ይሄ የእሱ ነው» መባል።

እኛም ያደረግነው ይሄንኑ ነው፣ እያንዳንዱ የሥራ ወረቀት ላይ ከታች «ያስተማረው» ብለን ስም እንጽፋለን፣ ያጻፈው ሳይሆን ያስተማረው። ጋሼ «የተማርኩት አራተኛ ክፍል ነው ምን ስሜን ትጽፋላችሁ» ብለው ነበር፣ ግን ወረቀቱን ሲለጠፍ ያዩ ቀን ሁለት ጊዜ ተመልሰው አነበቡት።

ስም ብቻውን ግን አይበቃም። ከአለቃ በግልጽ፣ በስብሰባ ላይ፣ ቢቻል በቃለ ጉባኤ ሁለት ነገር አስወጡ፦ እውቀቱን ያካፈለ ሰው በዚህ ምክንያት ከቦታው እንደማይነሳ፣ ማስተማሩ ደግሞ በሥራ አፈጻጸም ውጤቱ ላይ ነጥብ እንደሚኖረው። አለቃችሁ ይሄን ቃል መግባት ካልፈለገ አትጀምሩ፣ ሰዎቻችሁን ወጥመድ ውስጥ እየከተታችሁ ነው። ሌላው ትንሽ ዘዴ፣ መጀመሪያ ራሳችሁ ስጡ። እኔ የጥገና ፕላን የምሠራበትን ኤክሴል ከነምስጢሩ ለሁሉም አሳየሁ፣ የማላውቀውን ፎርሙላ አንዱ ልጅ አረመልኝ፣ ከዛ በኋላ ነው ሌላው የተከፈተው።

ደረጃ 3፦ የሚጻፈውንና የማይጻፈውን ለዩ

ማይክል ፖላኒ የሚባል ትውልዱ ሃንጋሪ የሆነ ሊቅ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሰው መናገር ከሚችለው በላይ ያውቃል ብሎ ነበር። ብስክሌት እንዴት እንደምትነዳ አስረዳ ብትባል ታውቃለህ ግን አትችልም። እንጀራ የምትጋግር እናት «ሊጡ እንዴት ሲሆን ነው የደረሰው?» ስትሏት «ታየዋለህ» ነው የምትለው፣ እየደበቀች አይደለም።

ጃፓናዊው የአስተዳደር ምሁር ኢኩጂሮ ኖናካ ደጋግሞ የሚያነሳው ታሪክ ደስ ይለኛል። ማትሱሺታ የሚባለው ኩባንያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የቤት ውስጥ ዳቦ መጋገሪያ ማሽን ሲሠራ ዳቦው አልሆን አላቸው፣ ላዩ ይቃጠላል ውስጡ ጥሬ ነው፣ ሊጡን በኤክስሬይ ሳይቀር አነጻጸሩ። ኢኩኮ ታናካ የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ ውስጥ በዳቦው የታወቀ ሆቴል ሄዳ ዋናው ጋጋሪ ሥር ተለማማጅ ሆነች፣ ሰውየው ሊጡን ሲስብ በተለየ መንገድ እንደሚጠመዝዘው በእጇ እየሠራች አየች፣ ከዛ ማሽኑ ውስጥ ያንን የሚያስመስል ነገር ተጨመረ። ጋጋሪውን ቢሮ ጠርተው ቃለ መጠይቅ ቢያደርጉት ያንን ጥምዘዛ የሚነግራቸው አይመስለኝም።

ስለዚህ በተግባር እንዲህ አድርጉ። ቁጥር፣ ቅደም ተከተል፣ ስልክ፣ ቦታ፣ «ይሄ ሲሆን ያን አድርግ» የሚባል ነገር ሁሉ ይጻፋል። በጆሮ፣ በእጅ፣ በአፍንጫ የሚታወቀው ግን ሰው ለሰው ነው የሚሄደው። ጋሼ ካቻቪቴውን ጫፉን ሞተሩ ላይ ደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ኩሽኔታው ሊሄድ መሆኑን ያውቃሉ። ይሄን «ድምፁ ሻካራ ሲሆን ቀይሩ» ብላችሁ ብትጽፉት ምንም አልጻፋችሁም። ልጁ ደህናውንም የተበላሸውንም አጠገብ ለአጠገብ መስማት አለበት፣ ብዙ ጊዜ።

ለዚህ ጥንድ አድርጉ። መጀመሪያ እሱ ይሠራል ልጁ ያያል፣ ቀጥሎ ልጁ ይሠራል እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ያያል (ኪስ ውስጥ መክተቱ ቀልድ አይደለም፣ ጎበዝ ባለሙያ እጁን መያዝ አይችልም፣ ይነጥቅሃል)፣ መጨረሻ ላይ ልጁ ለሌላ ልጅ ያስተምራል እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። ሦስተኛው ላይ ነው ምን እንዳልገባ የሚወጣው። ብዙዎች ሁለተኛው ላይ ያቆማሉ።

ደረጃ 4፦ አዋቂውን ሰው እንዴት እንደምትጠይቁት

«የምታውቀውን ንገረኝ» አትበሉ፣ «ምንም አላውቅ» ነው መልሱ፣ እውነቱን ነው ደግሞ፣ ለሱ እውቀት አይመስለውም የለት ሥራው ነው። ቢሮም አትጥሩት፣ ቢሮ የሚጠራ ሰው ጥፋት ያጠፋ ይመስለዋል። ማሽኑ ጋ፣ ጠረጴዛዋ ጋ፣ ወይ ሻይ ሰዓት ላይ ሁኑ፣ ከ40 ደቂቃ አትለፉ። በስልክ ለመቅዳት አስፈቅዱ፣ እምቢ ካለ አትቅዱ በቃ። ሁለት ሰው ሁኑ፣ አንዱ ያወራል አንዱ ይጽፋል፣ የሚጽፈው ቢቻል ሥራውን የሚረከበው ልጅ ራሱ ይሁን።

ለኛ የሠሩልን ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፣ እንዳሉ ውሰዷቸው፦

«ለመጨረሻ ጊዜ ክፉኛ ያስቸገረህ መቼ ነው? መጀመሪያ ምን አየህ? ከዛ ምን ጠረጠርክ?» ታሪክ ጠይቁ፣ ሕግ አትጠይቁ፣ ሕጉ ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል።

«አዲስ ሰው እዚህ ሥራ ላይ የት ጋ ነው የሚሳሳተው?»

«ማኑዋሉ የሚለው ግን አንተ የማታደርገው ምንድን ነው? ለምን?» ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። መጀመሪያ ይስቃል፣ ግራ ቀኝ አይቶ ነው የሚነግርህ። ግማሹ እውነተኛ ብልሃት ነው፣ ግማሹ ደግሞ አደገኛ አቋራጭ ነው፣ ለምሳሌ አንዱ የሴፍቲ ስዊች በሽቦ አስሮ እንደሚሠራ እንዲህ ጠይቀን ነው ያወቅነው። እንደዚህ ዓይነቱን በወረቀት አታጽድቁት፣ ግን ለምን እንዳስፈለገው እወቁና መንስኤውን አስተካክሉ፣ ሰውየውን ግን አትቅጡት፣ ከቀጣችሁት ሌላ ማንም አይነግራችሁም።

«ምን ስትሰማ ወይ ምን ሲሸትህ ነው ልብህ ድንግጥ የሚለው?»

«ሲያቅትህ ማን ጋ ትደውላለህ?» ከዚህ የሚወጣው የስልክ ዝርዝር ብቻውን ወርቅ ነው።

ከዛ በዛው ቀን ጻፉት። ነገ ካላችሁ ሄደ፣ የራሳችሁን ጽሑፍ ራሳችሁ አታነቡትም። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ መልሳችሁ አንብቡለት፣ ማንበብ የማይችል ከሆነም ጮክ ብላችሁ። ጋሼ «አይ እንደሱ አላልኩም» ብለው ያረሙን ብዙ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግራና ቀኝ ተገላብጦ ነበር የጻፍነው።

ደረጃ 5፦ አንድ ገጽ፣ በሰው አፍ

አንድ ችግር አንድ ገጽ። ርዕሱ ሰው ሲጨንቀው በሚለው ቃል ይሁን፣ «የማሸጊያ ሙቀት ቁጥጥር ፕሮሲጀር» ሳይሆን «ጠዋት ፓኬት አልዘጋ ሲል»። ከዛ ምልክቱ፣ መጀመሪያ የሚታየው ነገር፣ ቅደም ተከተሉ፣ መቼ ቆሞ ሰው መጥራት እንዳለበት፣ ያስተማረው ስም፣ ቀን። ፎቶ በብዛት። እኛ ጋ ከዱከምና ከአቃቂ ዙሪያ የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ይቀናቸዋል፣ የማሽኑ ስክሪን ደግሞ ቻይንኛ ነው፣ በቀስት የተጠቆመበት ፎቶ ሁሉንም ያግባባል። ጽሑፉንም በሁለቱም ቋንቋ ብትጽፉት አንድ ሰዓት ነው የሚፈጅባችሁ።

አሁን ደግሞ ማንም የውጭ አሠልጣኝ የማይነግራችሁ የኛው አገር ጣጣ አለ።

አንደኛ ስም። መካኒኩ ኩሽኔታ ይላል፣ ስቶር ኪፐሩ ካርዱ ላይ ቤሪንግ ብሎ መዝግቧል፣ ግዢ ደግሞ በፓርት ነምበር ነው የሚያውቀው። መካኒኩ ቺንጋ ሲል አዲሱ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ቤልት ነው የሚያውቀው። እቃው ስቶር ውስጥ እያለ «የለም» ተብሎ ሁለተኛ የተገዛበት ጊዜ አለ እኛ ጋ። መፍትሔው አንዱን ስም ማስገደድ አይደለም፣ ጣሊያን ከሄደ ስንት ዓመቱ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ አለ፣ በትእዛዝ አይወጣም። የስሞቹን ዝርዝር ጎን ለጎን ሠርታችሁ ስቶር መስኮት ላይ ለጥፉ፣ ፎቶውም አብሮ።

ሁለተኛ ፊደል። ኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዛው። አንዱ «ውሃ» ሌላው «ውኃ» ብሎ ፋይሉን ከሰየመ ስትፈልጉ አንዱ ብቻ ነው የሚመጣላችሁ፣ ሌላው የጠፋ ይመስላችኋል። እኛ ለፋይል ስም ብቻ አንድ ስምምነት አደረግን፣ ሀ ሰ አ ጸ ብቻ። አማርኛ መምህር የነበሩ አንድ አስተዳደር ኃላፊ በጣም አልተደሰቱም፣ ደብዳቤ ላይ እንደፈለጋችሁ ጻፉ ብለን ነው የታረቅነው።

ሦስተኛ ቀንና ሰዓት። «03/02/2016» የሚል ፋይል ብታገኙ ጥቅምት 3 ነው ወይስ ፌብሩዋሪ 3? ዓመቱ ራሱ በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? በመካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ አለ እኮ። ሎግቡክ ላይ «8 ሰዓት ቆመ» ተብሎ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ከሆነ የማሽኑ ስክሪን 14:00 ነው የሚለው፣ ሁለቱን ማገናኘት ስትፈልጉ ያሳብዳችኋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. አትርሱ፣ ሰዓት ላይ «ከቀኑ» «ከሌሊቱ» በሉበት።

ደረጃ 6፦ የት ይቀመጥ

ይሄ አጭር ነው። ወረቀቱ ሥራው ያለበት ቦታ ላይ ላሚኔት ተደርጎ ይንጠልጠል፣ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲሄድ ነው ደግሞ በብዛት የሚፈለገው። ኮፒው አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ኮፒ ከዛ ኮምፒውተር ውጭ የሆነ ቦታ። አንድ ሰው ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ነገር የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ቴሌግራም ግሩፕ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ እዛ ናቸውና። ግን ግሩፑ ወንዝ ነው፣ ዛሬ የተባለው ነገ በ«እንኳን አደረሳችሁ» ስቲከር ተወስዷል። ለጥያቄ ግሩፑን ተጠቀሙ፣ ጥሩ መልስ የተገኘ ጊዜ አንድ የተመደበ ሰው ወደ አንድ ገጽ ወረቀት ያውጣው። አዲስ ለሚገባ ሰው የድሮው መልእክት እንዲታየው ሴቲንጉን ክፈቱ፣ አድሚን ቢያንስ ሁለት ይሁን፣ ግሩፑን የከፈተው ልጅ ሥራ ሲለቅ ባለቤትነቱን አስተላልፎ ይሂድ።

ካይዘን (ከጃፓን የመጣውን ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል ዘዴ) የሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ግማሹን ጨርሳችኋል። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመ ወዲህ እቃ ማጣራትና ማስቀመጥ በየፋብሪካው ተለምዷል፣ መፍቻ በቅርጹ ልክ በተሳለበት ቦርድ ላይ የሚሰቅል ሰው ለወረቀትም ቦታ መስጠት አይከብደውም።

ደረጃ 7፦ ከሥራ በኋላ 15 ደቂቃ፣ ግን ግምገማ እንዳይሆን

የአሜሪካ ጦር ከልምምድ በኋላ የሚጠቀምባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ምን ሊሆን ነበር የታሰበው? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? ትልቅ ጥገና ሲያልቅ፣ ጨረታ ሲያልቅ፣ የዓመቱ ቆጠራ ሲያልቅ፣ እዛው ቆማችሁ 15 ደቂቃ ጠይቁ።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ እኛ አገር «እንገማገም» ስትል ሰው ሁሉ የሚከላከልበትን ማስታወሻ ይዞ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ስናደርግ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ ኤሌክትሪክና ሜካኒክ ተጠዛጠዙ፣ አንድም ነገር አልተማርንም። ከዛ ሦስት ነገር ቀየርን። ስሙን «ሻይ» አልነው። የሰው ስም መጥራት ከለከልን፣ «ቺንጋው ላላ» እንጂ «እሱ አላጠበቀውም» አይባልም። አለቃ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ስህተት ይናገራል፣ ካልሆነ አይገባም። ሦስተኛውን ለማስፈጸም ጊዜ ፈጅቶብናል። ከዚህ የሚወጣው አንድ ወይ ሁለት መስመር ነው፣ ያ መስመር የሚመለከተው ወረቀት ላይ በዛው ቀን ይጨመራል፣ በቃለ ጉባኤ ክላሰር ውስጥ ከቀረ ሻዩን በከንቱ ነው የጠጣነው።

የፈረቃ ርክክብም እንዲሁ ነው። ከሎግቡኩ ፊርማ ሌላ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፣ «ዛሬ ያልተለመደ ምን አየህ?»

ደረጃ 8፦ ሰው ሲለቅ

በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚህ 30 ቀኖች ብዙ ጊዜ በኩርፊያና ዓመት ፈቃድ በመጨረስ ነው የሚያልቁት። ከፋፍሏቸው፦ መጀመሪያው ሳምንት ላይ የደረጃ 4 ጥያቄዎች፣ ቀጣዩን ሁለት ሳምንት ጥንድ ሆኖ መሥራት፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ተረካቢው ብቻውን ይሥራ የሚለቀው ሰው ግን ግቢ ውስጥ ይኑር። ክሊራንስ ፎርሙ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ከስቶርና ከፋይናንስ በላይ፣ «ሥራውን ያለ እሱ መሥራት እችላለሁ» ብሎ ተረካቢው የሚፈርምበት። አለቃው ሳይሆን ተረካቢው። እኛ ፎርሙን ለማስቀየር አራት ወር ደብዳቤ ተጻጽፈናል፣ አሁን አለ።

ጡረታ ግን ከ30 ቀን በፊት ነው የሚታወቀው፣ ዕድሜው ፋይሉ ላይ ተጽፏል እኮ። ዓመት ሲቀረው ጀምሩ። የወጣውንም ሰው አትርሱት፣ ለምክር ስትጠሩት የትራንስፖርትና የቀን አበል ክፈሉት፣ በነጻ ሲደውሉለት የሚሰለች ሰው ስልኩን ሲያጠፋ አትቀየሙት።

ደረጃ 9፦ አለቃ ማሳመንና መለካት

አለቃችሁ ሰርተፍኬት ከወደደ ቀላል ነው። አይኤስኦ 9001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥራት አስተዳደር ደረጃ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሲሻሻል የድርጅቱን እውቀት መለየትና መጠበቅ ግዴታ አድርጎ አስገብቶታል፣ አንቀጽ 7.1.6 ላይ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ አይኤስኦ 30401 ወጣ። ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፣ እናንተ አላችሁ።

ስንት ወረቀት ጻፍን ብላችሁ አትለኩ፣ ሰው ቁጥር ለመሙላት ቆሻሻ ይጽፍላችኋል። በደረጃ 1 ሠንጠረዥ ላይ ስንት ቀይ መስመር ጠፋ፣ አንድ ዓይነት ብልሽት ስንት ጊዜ ተደገመ፣ አዲስ ሰው ብቻውን ለመቆም ስንት ሳምንት ፈጀበት፣ እነዚህ ይበቃሉ። በየስድስት ወሩ ደግሞ ወረቀቶቹን አገላብጡና ያረጀውን አውጡ፣ የተሳሳተ ወረቀት ከሌለ ወረቀት ይብሳል።

እኛ አንድ የራሳችን መለኪያ አለን፣ በወር ስንት ጊዜ ጋሼ ጋ ተደወለ የሚል፣ ስልኩ አጠገብ ባለች ደብተር ላይ በጭረት እንይዛለን። መጀመሪያ ሰሞን ገጹ ይሞላ ነበር፣ ሚያዝያ ላይ ሁለት ጭረት ብቻ ነበረች፣ አንዷም ለፋሲካ እንኳን አደረስዎ ለማለት ነው። ከበዓሉ በኋላ ጋሼ ራሳቸው መጡ፣ የቀረች ወረቀት ነበረቻቸው ከአስተዳደር የምትፈረም። ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ማሽኑ ጋ ሄደው የተንጠለጠለውን አነበቡ፣ ከጃኬታቸው ኪስ እስክሪብቶ አወጡ፣ ላሚኔቱ ላይ አልጽፍ ሲላቸው ገልብጠው ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ «ግንቦት ላይም ከዘነበ አሳድሩት» ብለው ጻፉ። እንደገና ፕሪንት እናደርገዋለን እያልን እስካሁን እንደተገለበጠ ነው ያለው።